ሁለት ሰዓት ግዳጅ፣ ሁለት ደቂቃ ውጊያ

የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ከሌሎቹ የጦርነት ጨዋታዎች የሚለየው ግን በተኩሱ ሳይሆን ከተኩሱ በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ነው። በተለመደው የጦር አውሮፕላን ጨዋታ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ሰማይ ላይ ነው። ጠላት ራሱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ሚሳይሉ በደርዘን ይቆጠራል፣ ስለ ነዳጅ የሚጨነቅ የለም። በሲሙሌተር ሙሉ ግዳጅ የሚወጣ ሰው የሚጀምረው ግን ሞተሩ ከቀዘቀዘ፣ ኮክፒቱ ከጨለመ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ካርታ ያነባል፣ ነዳጅ ያሰላል፣ ሞተር ያስነሣል፣ መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ በመሬት ይጓዛል፣ ይነሣል፣ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሰማይ ሲቃኝ ይቆያል። ከዚያ ምናልባት ይዋጋል። ጠላት ሳያይ የሚመለስበት ቀንም አለ፤ ያም እንደ ግዳጅ ይቆጠራል።

ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በጉራጌው የቸሃ ሰው የቡና ጊዜ ልኬት ማስረዳት ይቀላል። አቦል ሲቀዳ የተጀመረ ግዳጅ፣ ቶናው አልፎ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ ገና ላያልቅ ይችላል። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ ትክክለኛው ውጊያ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀሪው ዝግጅት፣ ጉዞ፣ ጥበቃና መመለስ ነው። ለማያውቀው ተመልካች አሰልቺ ነው፤ ለተጫዋቹ ግን ሁለቱን ደቂቃ የሚወስነው ይኸው ቀሪው ጊዜ ነው።

በመሬት ላይ ተቀምጦ መብረርን የመማር ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ የቤተሰቡ ሥራ ፒያኖና ኦርጋን መሥራት ነበር። ኦርጋን ድምፅ የሚያወጣው በወናፍ በሚገፋ አየር ነውና፣ ሊንክም እ.ኤ.አ. በ1929 ያንኑ ወናፍ ከትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሥር አደረገው። ሠልጣኙ መሪውን ሲገፋ አንዱ ወናፍ ይነፋል፣ ሌላው ይሟሽሻል፣ ሣጥኑም ያዘነብላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች በዚህ ሣጥን ውስጥ ክዳን ተደፍቶባቸው በመሣሪያ ብቻ መብረርን ተምረዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸው፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ እግሮች ላይ የሚወዛወዙት ግዙፍ ሲሙሌተሮች የዚያ ወናፍ የልጅ ልጆች ናቸው።

የቤት ውስጥ ተዋጊ ሲሙሌተር የተስፋፋው በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ሱ-27 ፍላንከር» የሩሲያን ተዋጊ ጄት በጠረጴዛ ላይ አመጣ፤ በ1998 የወጣው «ፋልከን 4.0» ደግሞ ተጫዋቹ ቢዋጋም ባይዋጋም በራሱ የሚቀጥል ጦርነት ነበረው። በ2001 «ኢል-2 ስቱርሞቪክ» የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ይዞ ተከተለ። የፍላንከር ሠሪዎች ሥራ አድጎ ዛሬ «ዲሲኤስ ወርልድ» የሚባለው ሆኗል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አንባቢን ቀና አድርጎ የሚያስቀምጥ ነገር አለ፤ በጥንቃቄ ከተሠሩት አውሮፕላኖች መካከል ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21 ይገኛሉ። ሁለቱ በ1969 ዓ.ም. ክረምት፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት፣ በሐረርጌ ሰማይ ላይ የተገናኙ ናቸው።

ሙሉ ግዳጅ የሚጀምረው ወረቀት ላይ ነው። የጨዋታው ኤፍ-5ኢ ተጫዋቹን በሳተላይት እየመራ ቦታው ላይ የሚያደርስ መሣሪያ የለውም። ያለው ኮምፓስ፣ ሰዓት፣ የፍጥነት መለኪያና ከመሬት ጣቢያ ምልክት የሚቀበል ሬዲዮ ነው። ስለዚህ መንገዱ በአቅጣጫ፣ በፍጥነትና በጊዜ ይሰላል። ለምሳሌ ከቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ ተነሥቶ በጉራጌ ዞን እምድብር ላይ መድረስ የፈለገ ሰው ካርታ ላይ መስመር ቢያሰምር፣ ርቀቱ በአየር ወደ 130 ኪሎ ሜትር፣ አቅጣጫውም ወደ 240 ዲግሪ፣ ማለትም ምዕራብ ሆኖ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሆኖ ያገኘዋል። በሰዓት 780 ኪሎ ሜትር ቢበር በደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። በአውቶቡስ አዲስ አበባን ዞሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ማለት ነው።

አሥሩ ደቂቃ ግን ቀላል አይደለም። ከጎን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያች ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑን ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ከመስመሩ ያወጣዋል፤ እምድብር እንደሆነች ደግሞ ከስድስት ኪሎ ሜትር ርቀት በእንሰት መካከል የምትሰወር ከተማ ናት። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ምልክት ይመረጣል። የዝቋላ ተራራ ገና እንደተነሡ በግራ በኩል ይታያል፤ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው አስፋልት ጢያ አካባቢ ይሻገራል፤ ከዚያ የጉራጌ ተራሮች ይመጣሉ። ከፍተኛው ጫፋቸው ከ3,700 ሜትር ያላነሰ ስለሆነ፣ ራዳርን ለመሸሽ ዝቅ ብሎ የመጣ አብራሪ ወይ ቀድሞ መውጣት አለበት፣ ወይ ሸለቆ መፈለግ አለበት። ደመና ያረፈባቸው ቀን ሦስተኛ ምርጫ የለም፤ ከፍ ማለት ብቻ ነው። ተራራው ታልፎ ወደ ቸሃ ሲወረድ ከሁሉም የሚረዳው ምልክት ጀፎረ ነው። በመንደሩ መሐል የሚያልፈው፣ በግራና ቀኝ ክብ ቤቶችና እንሰት የተሰለፉለት ሰፊ የሣር አደባባይ ከላይ ሲታይ በገዢ የተሰመረ አረንጓዴ ጎዳና ይመስላል።

ይህን መንገድ በጨዋታ መብረር የሚፈልግ ግን አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። ውጊያ ያለባቸው ሲሙሌተሮች የተወሰኑ ቦታዎች ካርታ ብቻ ነው ያላቸው። ዲሲኤስ ካውካሰስን፣ የኔቫዳን በረሃ፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤን፣ ሶርያን፣ ሲናንና የመሳሰሉትን ሠርቷል። መላውን ምድር ከሳተላይት ምስል አንሥቶ የያዘው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ደግሞ ቸሃንም ቡታጅራንም ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ኤፍ-18 ተዋጊ ጄትም አለው፤ የሚተኮስ ግን አንድም ጥይት የለውም። ውጤቱ የሚያስቅ ነው፤ ጉራጌን በሰላም መብረር ይቻላል፣ የሐረርጌን ውጊያ ግን ኔቫዳ ሄዶ ነው የሚዋጉት። ብልኅ ተጫዋች ሁለቱን ይከፍላቸዋል፤ የአቅጣጫና የሰዓት ሒሳቡን በአገሩ ምድር ላይ ይለማመዳል፣ ውጊያውን በባዕድ በረሃ ላይ ያካሂዳል።

ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ወደ ኮክፒቱ ይገባል። የኤፍ-5ኢ ሞተር እንደ መኪና ቁልፍ ዞሮ አይነሣም። ተጫዋቹ በሬዲዮ የመሬት ሠራተኞችን ይጠራል፤ እነሱ ከውጭ መጭመቂያ ማሽን ያገናኙና አየር ወደ ሞተሩ ይነፋሉ። ሊንክ በወናፍ የጀመረው ነገር እዚህም አለ ማለት ይቻላል። የሞተሩ ማሽከርከሪያ ከሙሉ ፍጥነቱ አሥር በመቶ ላይ ሲደርስ የነዳጁ መቆጣጠሪያ ወደፊት ይገፋል። ተጣድፎ ቀድሞ የገፋ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጠራቀምና ሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር ያልፋል፤ ሞተሩም ገና ሳይነሣ ይበላሻል። አንዱ ከተነሣ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። ከዚያ ሬዲዮ፣ ራዳር፣ የአቅጣጫ መሣሪያ፣ የጦር መሣሪያ ማብሪያ፣ የመቀመጫው መከላከያ ፒን፣ ክዳኑ። አንዲቱን የዘለለ ሰው የሚያውቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሚሳይሉ አልተኩስ ሲለው ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ቼክሊስቱን አትመው ጠረጴዛ ላይ የሚለጥፉት፤ ፀሎት ካልሆነ በቀር ሰው ይህን ያህል ነገር በቃሉ ይዞ ሳያስት መድገሙ ከባድ ነው።

መነሣት ላይ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር የራሱ ትምህርት አለው። ሐረር ሜዳ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወልቂጤም ከዚያ ብዙም አትርቅም። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈውም፣ ሞተር የሚመገበውም አየር ስለሆነ አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ለመነሣትም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመንደርደሪያው ላይ ረዝሞ ይሮጣል። በካውካሰስ ካርታ ላይ ከባሕር ዳርቻዋ ባቱሚ መነሣት የለመደ ተጫዋች ይህን አያውቀውም። ልዩነቱን መቅመስ የሚሻ በኔቫዳ ካርታ ከ1,600 ሜትር በላይ ካለው ከቶኖፓ በቀትር ሙቀት፣ ታንኩን ሞልቶ መነሣት ይችላል። ከሐረር ሜዳ ለሚነሡ አብራሪዎች ይህ ልዩ ፈተና ሳይሆን የዘወትር ሥራ ነው።

ከተነሡ በኋላ ያለው ረጅሙ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰዎች ጨዋታውን የሚተዉትም እዚህ ነው። ሲሙሌተሮች ጊዜን የሚያፋጥን ቁልፍ አላቸው፤ ሃያ ደቂቃውን በሁለት ደቂቃ ማለፍ ይቻላል። ሙሉ ግዳጅ የሚበሩ ግን ቁልፉን አይነኩም፤ ምክንያታቸውም ግትርነት ብቻ አይደለም። የተፋጠነ ጊዜ ድካምን ያጠፋል። እውነተኛው አብራሪ ውጊያ ላይ የሚደርሰው አርባ ደቂቃ ፀሐይ እያየ፣ አጋሩን በክንፉ ጫፍ እየፈለገ፣ በየአምስት ደቂቃው ነዳጅ እያነበበ ከቆየ በኋላ ነው። አይኑ ደክሟል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ጠላት የሚመጣው በዚያች ደቂቃ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ነዳጅ ነው። ኤፍ-5ኢ በውስጡ የሚይዘው 4,400 ፓውንድ፣ ማለትም 2,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከፍ ብሎ በቁጠባ ሲበር እንደ ከፍታውና ፍጥነቱ በደቂቃ 20 ኪሎ አካባቢ ያቃጥላል። አፍተርበርነሩ፣ ማለትም ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ ረጭቶ የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ በሁለቱም ሞተር ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሲበራ ግን ፍጆታው በደቂቃ ወደ 160 ኪሎ ይዘላል። ሙሉው ታንክ ሩብ ሰዓት አያቆይም። በሌላ አነጋገር የአንድ ደቂቃ ፍልሚያ ወደ ቤት የሚወስደውን ስምንት ደቂቃ ይበላል። በተለመደው ጨዋታ ይህ ሒሳብ የለም፤ አፍተርበርነር እንደልብ ይበራል። በሙሉ ግዳጅ አብራሪው ገና ሳይነሣ አንድ ቁጥር ይወስናል፤ መለኪያው እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠላት እየሸሸም፣ እየተመታም ቢሆን ይመለሳል። ተጫዋቾች «ቢንጎ» ይሉታል። ጀማሪ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ድል አድርጎ ነዳጁ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

ውጊያው ራሱ ፈጣንና ቁጥብ ነው። ኤፍ-5ኢ በክንፎቹ ጫፍ ሁለት ሙቀት ተከታይ ሚሳይሎች፣ በአፍንጫው ደግሞ ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት። መድፎቹ እያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይይዛሉ፤ ጣቱን ሳያነሣ የሚተኩስ በ11 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳቸዋል። ሚግ-21 በቀጥታ መስመርና በመውጣት ይፈጥናል፤ ኤፍ-5 ደግሞ በቀስታ ፍጥነት ሲታጠፍ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሌላውን ሜዳ ይሸሻል። የሚግ አብራሪ አንድ ጊዜ ወርዶ ተኩሶ መሄድ ይፈልጋል፤ የኤፍ-5 አብራሪ ጠብቆ፣ አሳልፎ፣ ከኋላ መግባት።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበረው የኤፍ-5ኢ ቁጥር በጣም ጥቂት ነበር፤ አሜሪካም ተጨማሪ መሣሪያ መስጠት አቁማ ነበር። ጥቂቶቹ አውሮፕላኖች ከድሬዳዋና ከሌሎች ጣቢያዎች እየተነሡ በሶቪየት ኅብረት የታጠቁትን የሶማሊያ ሚጎች ገጠሙ፤ የሰማዩንም የበላይነት ያዙ። ይህን ድል በአብራሪዎች ጀግንነት ብቻ የሚተርክ ብዙ ነው። ጀግንነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጀግንነት ብቻውን ኤፍ-5ን በትክክለኛው ከፍታ፣ በትክክለኛው ደቂቃ፣ ነዳጁ ሳያልቅ ሚጎች የሚመጡበት ቦታ ላይ አያስቀምጥም። ያንን የሠሩት ለዓመታት የተደጋገመ ሥልጠና፣ ከመሬት በራዳር እያዩ አቅጣጫ የሚሰጡ ተቆጣጣሪዎችና ሌሊቱን አውሮፕላን ሲጠግኑ የሚያድሩ ቴክኒሻኖች ናቸው። ድሬዳዋን ከጅግጅጋ የሚለየው በአየር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስምንት ደቂቃ። ተቆጣጣሪው ሦስት ደቂቃ ከዘገየ ለአብራሪው የሚቀረው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በኢንተርኔት በቡድን የሚጫወቱ ሰዎችም ይህን ሚና ትተውት አያውቁም፤ ከመካከላቸው አንዱ አውሮፕላን ሳይነካ፣ ሙሉውን ግዳጅ የራዳር ስክሪን እያየ በድምፅ ብቻ ጓደኞቹን ይመራል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ያለው ቡድን ጥሩ ተኳሽ ካለው ቡድን ይሻላል።

ሲሙሌተሩ የማይደርስበት ቦታም አለ። በሰባት እጥፍ የመሬት ስበት ሲታጠፍ 70 ኪሎ የሚመዝን አብራሪ አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ደሙ ከጭንቅላቱ ወደ እግሩ ይሸሻል። ጨዋታው ይህን ስክሪኑን በማጨለም ይነግራል፤ ተጫዋቹ ግን ወንበሩ ላይ ምቾቱ እንደተጠበቀ ነው። የበለጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የተመታ ተጫዋች የመውጫውን ቁልፍ ይጫናል፣ በጃንጥላ ይወርዳል፣ ግዳጁ ያበቃል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት ሚጎችን ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ናቸው፤ የራሳቸው አውሮፕላን በተመታ ጊዜ ግን ተማርከው በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆዩ። ያንን የሚያስቆጥር ጨዋታ አልተሠራም፤ ባይሠራም ይሻላል።

መመለሱ ከመሄዱ ይከብዳል። አውሮፕላኑ ቀልሏል፣ ነዳጁ ትንሽ ነው፣ አብራሪው ደክሟል። ኤፍ-5ኢ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ክንፉ አጭርና ቀጭን ስለሆነ ፍጥነቱን ትንሽ ያጓደለ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ ትንሽ ያበዛ መንደርደሪያውን ይጨርሰዋል። መሬት ሲነካ ከጅራቱ የማቆሚያ ጃንጥላ ይለቀቃል። ከማረፍ በኋላም ሥራ አለ፤ ሲሙሌተሩ በረራውን ቀርጾ ያስቀምጣልና ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ራሱን ይመለከታል። ማን ማንን መጀመሪያ አየ? አጋሩን ያጣው በየትኛው ደቂቃ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ውጊያው ላይ ሳይሆን ከዚያ አሥር ደቂቃ በፊት ተሠርቶ ይገኛል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገውን ዕቃ በጉራጌ ዞን ከተሞች ማግኘት ከበረራው በላይ ከባድ ነው። የፕሌይስቴሽን ቤት በየከተማው አለ፤ እዚያ የነገሠው ግን እግር ኳስ ነው፤ ሒሳቡም በጨዋታ ይቆጠራል። የሁለት ሰዓት ግዳጅ ለዚያ ገበያ አይሆንም፤ ዲሲኤስም ሆነ ፋልከን በፕሌይስቴሽን አይሠሩም። ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ያውም 16 ጊጋባይት ራም፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድና ከመቶ ጊጋባይት በላይ ቦታ ያለው። እንዲህ ያለ ማሽን ወልቂጤ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው፤ ለመስቀል አገሩ ከሚገባ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብሱና ከቡናው ጋር። ጆይስቲኩ ደግሞ ከዚያም ይርቃል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል።

ቢሆንም መንገዱ ዝግ አይደለም። የዲሲኤስ መሠረታዊ ክፍል በነፃ ነው፤ ሱ-25ቲ የተባለውን የምድር ማጥቂያ ጄት፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የሥልጠና ሙስታንግ አውሮፕላንና የካውካሰስ ካርታን ይዞ ይመጣል። ሱ-25ቲ ብቻውን ለወራት የሚበቃ ትምህርት አለው። ኤፍ-5ኢን የመሰሉት ለየብቻ በዶላር ስለሚሸጡ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ለሌለው ይቸግራሉ። ጭንቅላት ሲዞር እይታውን አብሮ የሚያዞረው ውድ መሣሪያም በተራ ዌብካም በሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ይተካል።

የመጨረሻው ጠላት መብራት ነው። ማሽኑ ከሶኬት ሲነቀል ላፕቶፕ እንኳ ቢሆን ግራፊክሱ ይዳከማል፤ ባትሪውም በዚህ ጭነት አንድ ሰዓት መቆየቱ ያጠራጥራል። ዴስክቶፕ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል፤ ግዳጁም አብሮ። ስለዚህ ተጫዋቹ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ የሚገዛው ሁለት ሰዓት ለመብረር አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት ሲሄድ የነዳጁን ሒሳብ በባትሪው ይደግመዋል፤ ያለበትን ቦታ ያያል፣ ቅርብ የሆነውን መንደርደሪያ ይመርጣል፣ ዩፒኤሱ እየጮኸ አውሮፕላኑን ያሳርፋል።